ወደ በሩ የፈዘዘው መብራት

አቶ ተድባበ የአንድ ብስኩት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የክፍል ኃላፊዎቹን በሙሉ የሾሙት ከዘመዶቻቸው መካከል ነው። የፋብሪካው በዓል ሲደርስ፣ አዳራሹን ከመድረኩ እስከ ኋላው በር ድረስ እንደ ጥብጣብ በሚዘረጋ ኤልኢዲ ስትሪፕ መብራት እንድታስጌጥ አንዲት የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን አዘዙ።

«ርዝመቱ ሃያ ሜትር ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ከሁለቱም ጫፍ ቢገባለት ይሻላል» አለቻቸው።

«ከመድረኩ በኩል ብቻ ይግባ! ኋላ፣ ሠራተኛው በሚቀመጥበት፣ ሽቦ ማየት አልፈልግም» አሏት።

ሴትዮዋም መብራቱን ለመቁረጫ የተሠራበት የመቀስ ምልክት ላይ በአዳራሹ ልክ ቆርጣ፣ አዳፕተሩን መድረኩ ጎን ሰክታ፣ እንደታዘዘችው ሠራች።

በበዓሉ ቀን መብራቱ ሲበራ መድረኩ ላይ ቦግ አለ። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ግን እየፈዘዘ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ጭል ጭል ይል ጀመር። እንግዶቹ አንገታቸውን አዙረው ተንሾካሾኩ። አቶ ተድባበ ፊታቸው ተለዋወጠና ሴትዮዋን በድምፅ ማጉያ ጠሯት።

«ነይ፣ ምን እንደሆነ ለእንግዶቹ ተናገሪ! ዕቃው መጥፎ ነው እንዳትይ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የትእዛዙ ነው እንዳትይ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የራስሽ ነው ካልሽ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ሴትዮዋ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች።

«ዕቃውም ደህና ነው ጌታዬ፣ ትእዛዝዎም ተፈጽሟል፣ እኔም ሥራዬን አውቃለሁ» አለች። «ኃይሉን ከአንድ ወገን ብቻ የሚያገኝ ነገር ግን መጨረሻው አያምርም።»