የሹሙ ፒካፕ ጥርስ

የወረዳው ሹም አቶ ዘርጋው ከተሾሙ ወዲህ፣ ዋጋ ሲነገራቸው እንደተሰደቡ ነው የሚቆጥሩት። አንድ ቀን ፒካፓቸው ዳገት ላይ አልሄድም ብላ፣ እየተጎተተች ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ባለጥርስ ማርሽ፣ ዲፈረንሻሉን ፈትቶ አየና፣ «ጌታዬ፣ ጥርሱ ተበልቷል» ብሎ የመቀየሪያውን ዋጋ ነገራቸው።

«ለጥርስ ይህን ያህል?» ብለው ጮኹ ሹሙ። «በነፃ ትቀይራለህ! አለዚያ ጋራዥህን አሳሽገዋለሁ!»

«በነፃስ አልቀይርም» አለ መካኒኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጥርሴ ውስጥ ገብተሃል፤ እወቀው!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩበት።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጥርስ ውስጥ መግባትማ እንጀራዬ ነው፣ ጌታዬ። ብዙ የበላ ጥርስ ደግሞ መበላቱ አይቀርም። የእርስዎም ሲበላ ብቅ ይበሉ፤ ዋጋው ያው ነው» አላቸው።