ደጁን የዘጋው አባት

«እማዬ፣ ሕፃን ልጅ ምን በድሎ ነው ዓይኑ የሚጠፋው?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ትርሲት። ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ደጅ መምጣቷ ነበር። የእትዬ አስካለን ልጅ ምናሉን ኩፍኝ ይዞት ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ «ዓይኑ አልገለጥ አለ» ሲባል ሰምታለች። ፀሐይዋ እየጠለቀች፣ ጭጋጉም ከወንዙ ቀስ እያለ እየወጣ ነበር። አጠገቤ አስቀመጥኳትና እንዲህ አልኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ጎተራው የሞላ፣ ላሞቹ የሚታለቡለት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሲጠራት «ዓይኔ» ነበር የሚላት። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ገበያ ይወጣል፤ እንቁላሉም እንዲሁ። ጓሮው ጎመን ሞልቷል፤ ግን «በእኔ ቤት ጎመን የሚበላ ድሃ የለም» ይልና ለጥጃ ይሰጠዋል። ልጅቱ እንጀራዋን በሽሮ ብቻ እየበላች አደገች።

እየቆየ፣ ሲመሽ መደናቀፍ ጀመረች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓለሙ ሁሉ እንደ ደፈረሰ ውሃ ይሆንባታል፤ የሰው ድምፅ እየሰማች ሰውየውን በእጇ ትፈልጋለች። የመንደሩ ልጆች «ዶሮዋ መጣች፣ ቆጥ ላይ አውጧት!» እያሉ ሳቁባት። አባቷም አብሮ ሳቀ። ዳፍንት መሆኑን አላወቀም።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። በአገሩ ልማድ ኩፍኝ የገባበት ቤት ይዘጋል፤ ብርሃን አይገባም፣ እንግዳ አይገባም፣ በሽተኛውም ከቀጭን አጥሚት በቀር አይቀምስም። አባትየው ደጁን ዘጋ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፈ፣ ሽመሉን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ክፉ ዓይን እንዳያያት ብሎ ነው። ውስጡ እንደ ጉድጓድ ውሃ ዝም ያለ ጨለማ ሆነ። ልጅቱ ከዚያ ውስጥ «አባዬ፣ ነጋ?» ትለዋለች። «ገና ነው ዓይኔ፣ ተኚ» ይላታል፤ ፀሐይ አናቱ ላይ ሆና።

አንድ ቀን እህቱ ከሩቅ አገር ልትጠይቀው መጣች። በሽመሉ ከለከላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ነው የምትጠብቀው ወይስ እስረኛ?»

«ክፉ ዓይን እንዳይገባባት ነው፣ እቴ።»

«ሌባው ከውስጥ ቢሆንስ?»

ይህን ብላ ሽመሉን በክንዷ ገፋ አድርጋ በሩን በረገደችው። ብርሃኑ እንደ ወፍ መንጋ ገብቶ የልጅቱ ፊት ላይ አረፈ። አባትየው ያኔ አየ። አንደኛው ዓይኗ ነጭ ጉም ለብሷል። ሌላውም ደርቆ፣ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ተቀምጣ «አባዬ፣ ነጋ?» አለችው።

ሽመሉ ከእጁ ወደቀ። ልጁን አቅፎ ወደ ሐኪም ሮጠ፤ እህቱም ተከተለችው። ሐኪሙ ከትንሽ እንክብል ውስጥ አፏ ላይ ጠብ አደረገላትና፣ «የዓይን ምግብ ከድሮም አጥሯት ነበር፤ የቀረውን ኩፍኙ ጠራርጎ ወሰደው። እንግዲህ እንቁላሉንም ወተቱንም ጎመኑንም ስጣት» አለው። አንዱ ዓይን ተረፈ። ሌላው አልተመለሰም። ሲመለሱ እህቱ መንገድ ላይ፣ «ጎመን በጤና ሲባል ለጥጃ የተባለ መስሎህ ነበር?» አለችው።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ምን በድሎ ነው አልሽኝ። ልጅቱ ምንም አልበደለችም። እግዚአብሔርም አልተቆጣባትም፤ ያንን ጎመን ከጓሮዋ ያበቀለላት እኮ እሱ ነው። አባቷም ቢሆን ይወዳት ነበር፤ ማንም እንደሱ አይወዳትም። ግን ፊቱን ወደ ደጅ፣ ጀርባውን ወደ ልጁ አድርጎ ነው የጠበቃት። እኛም እንደዚያ ሰው ነን። የልጆቻችንን ዓይን የሚያጠፋውን ከውጭ ስንጠብቅ፣ ዘወር ብለን ዓይናቸውን አናይም።

ትርሲት ወደ እትዬ አስካለ ቤት ዞር ብላ «ምናሉስ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን እንዳደረስኩ የእትዬ አስካለን ደጅ አንኳኳሁ።

«ተይ እህቴ፣ ልማዱ አይፈቅድም» አሉኝ ከውስጥ።

«ይቅር ይበለን፤ እኔ ግን ሳላየው አልሄድም» አልኳቸው።

ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ መቀርቀሪያው ተነሣ። ምናሉን በነጠላዬ አዘልኩት፤ እናቱ ከኋላዬ እያለቀሱ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድን።