የኩርፊያው ድንጋይ

ግራዝማች አበጋዝ ጥፋታቸው ከተነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚተኙ፣ ሚስታቸው ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ካልጠየቀቻቸው እህል የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። ሚስትየው የድሃ ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን ጌታ አያውቅም።

አንድ ቀን ግብዣ ላይ ስለ ገደሉት ነብር ሲተርኩ፣ «ጌታዬ፣ አምና እኮ ነብሩ ይህን አያህልም ነበር» አለቻቸው። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥቅልል አሉ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ።

«ዛሬስ በጠጠር አልታለልም!» አሉ ግራዝማች ከጋቢው ውስጥ። «ትልቅ ድንጋይ ተሸክማ ትምጣ፤ አለዚያ ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ትግባ!»

ሚስትየው የግራዝማች ሆድ በረሃብ ሲጮህ ሰማችና አንጀቷን በሏት። ወጥታ ወገብ የሚያጎብጥ ድንጋይ ተሸክማ ተመለሰችና ከፊታቸው ተንበረከከች።

ግራዝማች በጋቢያቸው ጫፍ አጮልቀው ደነገጡ። «አንቺ! ይህን የሚያህል ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ለበረቱ በር ነው፣ ጌታዬ። ባኮረፉ ቁጥር የተሸከምኩትን ስደረድር አጥሩ አልቆልኛል፤ የጎደለኝ ከበሩ ግራና ቀኝ የሚቆም ትልልቅ ድንጋይ ነበር። የቀኙ ይኸው። አሁን ይማሩኝና ምሳዎን ይብሉ፤ ለግራው ደግሞ የአንበሳውን ይተርኩልናል።»