ፍላጻ መላሹ ሰረገላ

አንድ ሞትን አጥብቆ የሚፈራ የጦር አበጋዝ ነበር። ድልነሳሁ ይባላል፤ ስሙና ልቡ ግን አልተስማሙም። ጥበበኞችን ሰብስቦ በአገር ያልታየ የብረት ሰረገላ አሠራ። ሰረገላው በአራቱም ጎኑ የማያንቀላፉ ዓይኖች አሉት። የሚወረወር ፍላጻ ገና ከሩቅ ያያሉ፤ ወዲያው ከጣሪያው የብረት ፍንጣሪ ተተኩሶ ፍላጻውን አየር ላይ ያደቀዋል። አበጋዙ ከውስጥ ሆኖ ስብርባሪው በፀሐይ እያብለጨለጨ ሲወርድ ሲያይ፣ አበባ የሚዘንብበት አገር የገባ ይመስለው ነበር። ጦርነቱ ሕልም ሕልም አለው።

ፍንጣሪው ግን በዙሪያው የሚሄዱትን ወታደሮች ያቆስል ጀመር። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ጋሻውን ይዞ የተከተለው ጋሻ ጃግሬው ይርዳው፣ የጉንጩን ደም እየጠረገ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ አጠገብዎ መቆም አቃተን» አለው።

«እንግዲያው ራቁ! ለእኔ ሰረገላዬ ይበቃኛል።»

ራቁለት።

አንድ ማለዳ ጭጋግ የለበሰ ወንዝ ሲሻገር ሰረገላው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። በቅሎዎቹ ማሰሪያቸውን በጥሰው ሸሹ። ደራሽ ውሃ መጣ፤ አበጋዙ ደግሞ ዋና አያውቅም። ከማዶ ጠላት ፍላጻ ያዘንባል፣ ሰረገላው ይመልሳል። ይርዳው ከወዲህኛው ዳር ገመድ ወረወረ። ሰረገላው ገመዱንም አየር ላይ በጣጠሰው። ሌላ ወረወረ፤ እሱንም።

«ጌታዬ፣ የሰረገላውን ዓይኖች ይዝጓቸው!» ሲል ጮኸ።

«ፍላጻውስ?»

«ፍላጻውማ ይመጣል። ካልዘጉ ግን የእኔም ገመድ አይደርስዎትም!»

ውሃው ደረቱን ሲነካው አበጋዙ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የሰረገላውን ዓይኖች አንድ በአንድ ዘጋና በጣሪያው በኩል ብቅ አለ። ፍላጻ ትከሻው ላይ ተሰካ። ይርዳው እንደገና የወረወረው ገመድም እጁ ገባ፤ ጎትቶ አወጣው።

«አመመዎት ጌታዬ?»

«አዎ፣ አመመኝ» አለ አበጋዙ፣ የይርዳውን እጅ እንደ ጨበጠ። ከዚያ ሕልም የነቃው ያን ጊዜ ነው።

ወዳጆቼ፣ እንዳንጎዳ ብለን ወደ እኛ የሚመጣውን ሁሉ የምንመታ ብዙዎች ነን። የከዳን ሰው ስላለ የሚመክረንን እናባርራለን፤ ያሙን ሰዎች ስላሉ የሚጠይቀንን በር ላይ እንመልሳለን። ግን ቁስል የማይደርስበት ሰው ዘንድ የወዳጅ እጅም አይደርስም። እስቲ ልብ እንበል፤ እስከ ዛሬ መትተን ከጣልነው ውስጥ ስንቱ ገመድ ነበር?