የአንደኛው ጆንያ ጠባቂ

በአንድ ወቅት፣ ባቡር ገና ከሰል እየጎረሰ በሚያጓራበት ዘመን፣ ጓንጉል የሚባል የጣቢያ ሠራተኛ ነበር። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤዝቦል የሚሉትን ጨዋታ ለሠራተኞቹ አስተምሮ አገሩ ገባ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ኳሷን በዱላ ይመታና አሸዋ ወደተሞላው አንደኛው ጆንያ ይሮጣል። ሳይደርስ ኳሷ ተወርውራ ጆንያው ላይ የቆመው ሰው እጅ ከገባች፣ ሯጩ ተቃጠለ! እዚያ ጆንያ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ የቆመው ጓንጉል ነው። በባዶ እጁ ሲቀልብ ሲቀልብ ጣቶቹ ዝንጅብል መስለው ቀሩ።

ወጉ ደግሞ አለ፤ ያሸነፈ ቡድን የጨዋታውን ኳስ ለድሉ ባለቤት ይሸልማል። ለጓንጉል ግን አንድ ቀን እንኳ ደርሳው አታውቅም። ሁልጊዜ ለመቺ! «አንተማ የወረወሩልህን ነው የምትይዘው» ይሉታል። አይ ሰው!

ከሥራው በሚሰናበትበት በመጨረሻው ቀን ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ገጠሙ። በጨዋታው መሃል ኳሷ የግራ እጁን ጣቶች ሰበረቻቸው። የቡድኑ አለቃ ሮጦ መጣና «ጋሽ ጓንጉል፣ በቃዎት፣ ይውጡ» አለው።

«ከዚህ ጆንያ የሚያነሳኝ ቃሬዛ ነው!» አለና እግሩን ተከለ።

እህቱ የሻረግ ኮርቻ ሰፊ ናት። ከአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ወፍራም ጓንት ሰፍታለት፣ «ማን አድርጎ ያውቃል፣ ነውር ነው» እያለ ሦስት ዓመት እምቢ ብሏታል። አሁን ግን አጥር ዘላ ገባች። ተመልካቹ «ሴት ሜዳ ገባች!» ብሎ ሲያፏጭባት፣ «አፋችሁ ኳስ የሚቀልብ ከሆነ እናንተ ግቡ!» አለችና ጓንቱን በተሰበረው እጁ አጠለቀችለት። ከንፈሩን ነክሶ ቻለው።

አንድ ሰው ብቻ ካቃጠሉ ድሉ የነጓንጉል ነው፤ ሯጩ ከደረሰ የጎረቤት። የጎረቤቱ ቱሉ መታና እንደ ሚዳቋ ፈተለከ። ኳሷም መጣች፣ ጓንጉልም ተንጠራራ፣ ሁሉም በአቧራ ተዋጠ።

ዳኛው «ደርሷል!» ብሎ ጮኸ።

ቱሉ አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። «አልደረስኩም። ኳሷ ቀድማኛለች።»

«አንተ ከሃዲ!» አሉት የገዛ ጓደኞቹ። «ከእኛ ጋር ባቡር እንዳትሳፈር!»

«እግሬን የማውቀው እኔ ነኝ! በእግሬም እሄዳለሁ!»

ዳኛው ፍርዱን ገለበጠ፤ እነጓንጉል አሸነፉ። ኳሷ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ ክርክሩም ተነሳ።

ጓንጉል «ሃያ ዓመት ቀልቤያታለሁ፤ ዛሬም በተሰበረ እጄ» አለ።

የሻረግ «ወንድምዓለም፣ ያንን እጅህን እጅ ያደረገው የእኔ ቆዳ ነው! ፉጨቱንም የጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

ቱሉ ደግሞ «ይዛችኋት እንኳ ዳኛው ነፍጓችሁ ነበር። ለእውነቴ አገሬን አስቀይሜ፣ ባዶ እጄን ልግባ?» አለ።

እንግዲህ ኳሷ አንድ ናት፣ እንደ ዳቦ አትቆረስ! እስቲ ፍረዱ፤ ለማን ትገባለች?