የቤኔፊት ትርጉም

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ በወንዙ ዳር ያለውን የመስኖ መሬት ለባለሀብት ሊሰጡ ፈለጉና ገበሬዎቹን አዳራሽ ሰበሰቡ። እንግሊዝኛ ካልገባበት ንግግር ያደረጉ ስለማይመስላቸው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ «ቤኔፊት» አስረዱ። ከዚያ መሬቱን መልቀቂያ ወረቀት ዞረ። ብዙዎቹ ቃሉ ያልገባቸው እንዳይመስል ፈረሙ። በዚያ መሬት ሽንኩርት እያመረተች አምስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት መበለት ግን አልፈርምም አለች።

አስተዳዳሪው ፈገግ አሉ። «እህቴ፣ እስቲ በሕዝቡ ፊት ቤኔፊት ምን እንደሆነ ንገሪን። ካላወቅሽ፣ ያወቁት እንደፈረሙት ትፈርሚያለሽ።»

«ጥቅም ማለት ነው፣ ጌታዬ።»

«ጎሽ! በዓይንሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ቀበሌው ስኳር ያከፋፈለ ዕለት፣ እዚሁ አዳራሽ።»

«ይኸውላችሁ፣ ገብቷታል! ታዲያ የዛሬውን ለመቀበል ምን ቸገረሽ?»

ሴትዮዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«ያን ዕለት ሚሊሻዎቹ እዚያ በር ላይ የቆሙት ተጋፍተን እንዳንገባ ነበር። ዛሬ የቆሙት እንዳንወጣ ነው።»