ሰማይን ያሞቀው ገበሬ

ዘርጋው የሚባል ወጣት ባለትዳር መሪጌታ ልሳኑን ሊጠይቅ መጣ። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው የጠዋት ፀሐይ ይሞቁ ነበርና አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«የኔታ» አላቸው፤ «ከባለቤቴ ጋር በተኮራረፍን ቁጥር አንድ ነገር ገዝቼላት እገባለሁ። ያን ሰሞን ፊቷ ይፈታል፣ ቤቱም ደስ ይላል። ሳይቆይ ግን ያው ይሆናል። ከዚህ በላይ ምን ልጨምርላት?»

መሪጌታም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ገበሬ ነበረ። አገሩ ደጋ ነው፤ ከገብስና ከባቄላ በቀር ብዙ ነገር የማይበቅልበት፣ በጥቅምት የገባ ውርጭ ጥር ካላለቀ የማይወጣበት አገር። ቤቱን አያቱ በድንጋይ ሠርተውታል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ግን ብርድ ነው። ገበሬው ደግሞ ብርድን እንደ ደመኛው ይጠላው ነበር። የመጀመሪያ ልጁ በውርጭ ወራት ተወልዶ፣ ደረቱን ብርድ መትቶት፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞቶበታል። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ብዙ ጊዜ ሳትፀንስ ቆየች። በመጨረሻ ስትፀንስም ወሩ ሲታሰብ መውለጃዋ ያው የውርጭ ጊዜ ሆነ።

ገበሬው «ይህን ልጅ ብርድ አይወስድብኝም» ብሎ ለራሱ ማለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ያነድ ጀመር።

በመጀመሪያ በአጥሩ ዙሪያ የነበረውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ጨረሰ። ቀጥሎ ወንዝ ተሻግሮ ከገደሉ አፋፍ ጭራሮ እየለቀመ በትከሻው ያመጣ ጀመር። ትከሻው ቆሰለ፤ የእርሻውም ቀን በእንጨት ፍለጋ አለቀ። ያም አልበቃ ሲል ለማሳው የሚበተነውን ፍግ ኩበት አድርጎ አነደደው። መሬቱ ሊበላው የሚገባውን እሳት በላው፤ በዚያ ዓመት ገብሱ ከጉልበት ከፍ ሳይል ቀረ።

ያም ሆኖ ቤቱ አልሞቀም። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ይለበለባል፣ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ አንዱን ጎኗን ስታሞቅ ሌላው ይበርዳታል፤ እንደ ቂጣ ስትገላበጥ ታመሻለች። እሳቱ ከሰም ያለ እንደሆነ ደግሞ ቤቱ ወዲያው ዋሻ ይሆናል።

«አልሞቀሽም?» ይላታል።

«ሞቆኛል» ትለዋለች፣ እንዳያዝንባት። እጇን ሲይዛት ግን እጇ በረዶ ነው። እሱም ተነሥቶ እንጨት ይጨምራል።

የመንደሩ ሰው ያደንቀው ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያደንቀው ከወንዙ አጠገብ ሰፊ የባሕር ዛፍ መሬት ያለው አንድ ባለጸጋ ጎረቤቱ ነው። «ወንድ ማለት እሳቱ የማይከስም ነው» ይል ነበር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ። ይህ ነገር በገበሬው ጆሮ ይጣፍጠዋል። የቀዘቀዘች ሚስቱን እያየ እንኳ ይጣፍጠዋል።

በመጨረሻ የቀረው ከቤቱ ጀርባ የቆመው ኮሶ ብቻ ሆነ። አሮጌ ዛፍ ነው፤ ከምሥራቅ የሚመጣውን ነፋስ የሚሰብረው እሱ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«እሱንም?» አለችው።

«ምን ላድርግ? ቀንሽ እየቀረበ ነው።»

«እሱ ሲያልቅስ ምን ትቆርጣለህ?»

መጥረቢያውን ወደ ትከሻው አነሣ። ወደ ዛፉም ሄደ።

ያን ማለዳ ውርጩ በሜዳው ላይ ተነጥፎ ነበር። ገበሬው አስቀድሞ ቅርንጫፎቹን ሊመለምል ዛፉ ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ ሲያይ መንደሩ በሙሉ ከሥሩ ተዘርግቷል። ሌሊት እሳቱን ዳፍኖ የሚያድረው ሰው ሁሉ ጣሪያ ነጭ ነው፤ ውርጩ በሣር ክዳኑ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። የእሱ ጣሪያ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ነው። ከላዩም እንፋሎት ይወጣል።

በዚህ መካከል ባለጸጋው ጎረቤት ከብቶቹን እየነዳ በዛፉ ሥር አለፈ። ቀና ብሎ አየውና «ያንተን እሳት ውርጩም ፈርቶታል» አለው። «ይኸው፣ ከሁላችን ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ያንተን ዘሎታል።»

ገበሬው ለአንድ አፍታ ደረቱን ነፋ። ከዚያ ግን ጣሪያውን ደግሞ አየው። ውርጩን ያቀለጠው ምንድን ነው? እሳቱ ነው። እሳቱስ ምን ሊሠራ ጣሪያ ላይ ወጣ? ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ፣ ያ ሁሉ የማሳ ፍግ፣ ትከሻውን ያቆሰለው ጭራሮ ሁሉ እንፋሎት ሆኖ በዓይኑ ፊት ሲሄድ አየው። ሚስቱ ከሥር ትንቀጠቀጣለች፤ ከላይ ሰማዩ ይሞቃል።

«ለካስ እኔ የማሞቀው ሰማይን ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አለው ጎረቤቱ ከታች።

«ምንም» አለና ወረደ። መጥረቢያው ዛፉን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም።

ቤት እንደ ገባ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እሳቱን ማጥፋት ነው። ፍሙን በተነ፤ ውሃ ደፋበት። ሚስቱ ደንግጣ ተነሣች።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? በዚህ ብርድ?»

«ተቀመጪ» አላት። «ይህን ሁሉ ዘመን ወደ እሳቱ ስናይ ኖርን። እስቲ ዛሬ ወደ ግድግዳው እንይ።»

በሩን ዘጋው። መጀመሪያ ጨለማ ሆነ። ዓይናቸው ሲለምድ ግን ቤቱ ጨለማ አለመሆኑን አዩ። በድንጋዮቹ መካከል የአያቱ ጭቃ ረግፎ ብርሃን እንደ መርፌ በየቦታው ይገባል። የጣሪያው ሣር ሳስቶ ሰማይ ይታያል። ከበሩ ሥር ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ቤት ብለው የሚኖሩበት ነገር ወንፊት ነበር።

ገበሬው አፈረ። ሚስቱ ግን ለማፈር ጊዜ አላጠፋችም። ጣቷን በምራቋ እያራሰች በግድግዳው ጥግ ጥግ መሄድ ጀመረች። ነፋስ ጣቷን ሲነካት «እዚህ» ትለዋለች፤ እሱም በከሰል ምልክት ያደርጋል። ከመኝታው ራስጌ ስትደርስ ጣቷን ሳታርስ አሳየችው።

«ይሄኛው ስተኛ ጆሮዬን የሚቆርጠኝ ነው። ከሠርጌ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እኮ ሁልጊዜ እንጨት ፍለጋ ነህ» አለችው።

በማግስቱ ገበሬው ቀይ አፈር ቆፍሮ ከጭድና ከእበት ጋር ያቦካ ጀመር። ጭቃውን በእግሩ ሲረግጥ ባለጸጋው ጎረቤት አየውና ሳቀበት። «ሰው ሁሉ ለውርጩ እንጨት ይከምራል፤ እሱ ጭቃ ይረግጣል። የሚወለደውን ልጅ በጭቃ ሊያሞቀው ነው» አለ። የሰሙትም ሳቁ።

«ጭቃ አያሞቅም» አላቸው ገበሬው፤ «የሞቀውን ግን ያስቀራል።»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ልቡ ይፈራ ነበር። የተከመረው እንጨት ጥቂት ነው። ጭቃ ሲረግጥ የዋለበት ቀን ሁሉ እንጨት ያልለቀመበት ቀን ነው። ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱን የሚከፍለው እሱ አይደለም፤ ገና ያልተወለደው ነው። ይህን እያሰበም ሥራውን አላቆመም።

በከሰል ምልክት ያደረገበትን ስንጥቅ ሁሉ በጠጠርና በጭቃ ደፈነ፤ ግድግዳውንም ከውስጥ መረገው። ከተራራው ጓሳ ሣር አጭዶ በአሮጌው ክዳን ላይ ክንድ በሚያህል ውፍረት ደረበበት። ከመኝታው በላይ ዝቅ ያለ ቆጥ ሠርቶ ጭድ ሞላበት፣ ሙቀቱ ሽቅብ ሄዶ እንዳይቀር። ከበሩ ሥር ደፍ አቆመ፤ ሚስቱም የበግ አጎዛ ሰፍታ ከበሩ ጀርባ ሰቀለች። ሦስቱን ጉልቻም በጭቃ ከብቦ፣ እሳቱ በአንድ አፍ ብቻ እንዲበላ አደረገው። የጢስ መውጫውን ግን አልነካውም።

አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው «ይህን ያህል ስትደፍን ይሄንን ለምን ተውከው?» ቢሉት፣ «አባቴ፣ ቀዳዳ ሁሉ ጠላት አይደለም። ይሄኛውን ብደፍነው ታፍነን እንሞታለን» አላቸው።

ታኅሣሥ ገባ። ውርጩም እንደዚያ ዓመት ከብዶ አያውቅም ይባላል። በእንስራ ያደረ ውሃ ረግቶ ይገኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ሚስቱን ምጥ ያዛት። አዋላጇና የጎረቤት ሴቶች እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው፣ በአፋቸው ጉም እየተፉ መጡ። አጎዛውን ገልጠው ሲገቡ አንዷ የደረበችውን የሱፍ ባና ጣል አደረገች። ሌላዋ ሻሿን ፈታች። አዋላጇ ከልማዷ የተነሣ «እሳት ጨምሩ እንጂ» አለችና ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። ምድጃው ውስጥ ያለው ጭብጥ የማይሞላ ፍም ነው።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው» አላት ገበሬው።

አዋላጇ ግንባሯን በእጇ ዳበሰች፤ አልቧታል። ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ወደ ሥራዋ ዞረች፤ እሱንም ወደ ውጭ ሰደደችው።

ገበሬው ደጅ ቆመ። ነፋሱ ጆሮውን ይልጠዋል። ፀሐይ ብቅ ስትል ቀና ብሎ የቤቱን ጣሪያ አየ። ጣሪያው ነጭ ነበር። ከመንደሩ ጣሪያ ሁሉ የእሱ ይበልጥ ነጭ ነበር፤ ውርጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ቦታ ሳይቀልጥ ተኝቶበታል። ከውስጥ አንዲት ክር የምታህል ሙቀት አላመለጠችም። ገበሬው ያን ነጭ ጣሪያ እያየ ብቻውን ሳቀ። እየሳቀ ሳለ ከውስጥ የሕፃን ጩኸት ሰማ።

ሴት ናት። ሲያስገቡት ትንሿን እግሯን በመዳፉ ያዛት። እግሯ ትሞቃለች። የመጀመሪያ ልጁን የቀዘቀዘ እግር እንዲህ ይዞት ያውቅ ነበርና፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ሚስቱም ዓይኗን ከድና «አሁንስ ሞቆኛል» አለችው። በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር።

ባለጸጋው ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ሲመጣ በሁለት ባና ተጠቅልሎ ነው። እንደ ተቀመጠ ዓይኑ እሳት ፈለገ። አጣ። ጥቂት ቆይቶ አንዱን ባና አወለቀ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን አወለቀ። ወሬው አልቆ እንኳ ለመሄድ አልቸኮለም። የእሱ ቤት እንጨት ሞልቶት ልጆቹ ግን ከምድጃ አጠገብ እየተጋፉ፣ ሌሊት እያሳሉ ነው የሚያድሩት። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ጭቃ ተርፎሃል?» አለ።

«ባይተርፍም ይቦካል» አለው ገበሬው። «አብረን እንረግጠዋለን።»

አብረው ረገጡት። ከዚያም መንደሩ በሙሉ ደቦ ወጣ፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ቤት እየመረጉ፣ ጓሳ እያጨዱ፣ እየዘፈኑ። ያልመረገች እጅ፣ ጭቃ ያልነካው ልብስ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ወደ ገደሉ አፋፍ ጭራሮ ሊለቅም የሚሄድ ሰው ጠፋ። ፍጉ ወደ ማሳው ተመለሰ፤ ገብሱም ወገብ ድረስ ቆመ። በውርጭ ወራት የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ ክርስትና ተነሡ፤ እናቶቻቸውም እልል አሉ።

መሪጌታ ልሳኑ ይህን ነግረው ወደ ዘርጋው ዞር አሉ።

«አንተም እንጨት አላነሰህም» አሉት። «ይዘህላት የምትገባው ሁሉ ጥሩ እሳት ነው፤ አልነቅፍህም። ግን ያ ሙቀት በየት በኩል ይወጣል? ይህን አስበህ ታውቃለህ?»

«ከእኅቶቼ ጋር ስንጫወት እሷ ለብቻዬ የነገረችኝን እያወጣሁ አስቃቸዋለሁ» አለ ዘርጋው። «እሷም እዚያው ሆና ትሰማለች።»

«አንዱን አገኘኸው። የቀረውን እኔ አላውቀውም፤ አንተም አታውቀው ይሆናል። እሷ ግን ከሠርጓ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዛሬ ምንም ሳትገዛ ግባ። አጠገቧ ተቀመጥና የሚበርድሽ በየት በኩል ነው ብለህ ጠይቃት። ስትነግርህ አታቋርጣት፣ አትቆጣት፤ ብሶቷ የጢስ መውጫ ነው፣ እሱን ከደፈንከው ሁለታችሁም ትታፈናላችሁ። የነገረችህን ቀዳዳ ግን አንድ በአንድ ድፈነው፤ እጅህ ጭቃ ቢነካ አትፈር። ልጄ፣ ትዳርን የሚያሞቀው የጨመርክበት ሳይሆን ውስጡ የቀረው ነው። ካልፈሰሰ፣ ያላችሁ ፍም ይበቃችኋል።»